ሲያቃጥል ነው ትሉ የሚሞተው

ሰፈሩ ሲቀልድ «ሳሚያ ያገባችው አንዋርን አይደለም፣ ልጁን ነው» ይላል። ውሸት የለውም። አንዋር የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሱብሒ ሰግዶ ከከሚሴ ይወጣል፣ ደሴ ደርሶ ይመለሳል፣ ሰው ከሞላለት እንደገና ይወጣል። ቤት የሚውሉት ሳሚያና ሙስዐብ ናቸው። እሷ ከጨፋ ሮቢት የመጣች፣ ሂናዋ ከእጇ ገና የለቀቀ ሙሽራ። እሱ እናቱ ኸድጃ የሞተችበት የአምስት ዓመት ልጅ።

ሙስዐብ ሲያዩት ደስ ይላል። በተለይ ዓይኑ። ትልልቅ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ረዝሞ ጉንጩ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። «ቁርጥ ኸድጃን! ዓይኑን ትታለት ነው የሄደችው» ይላል ያየው ሁሉ። ጉዱ አፉን ሲከፍት ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጠቁረው፣ ተሸራርፈው፣ ከድዱ ጋር ሊተካከሉ ደርሰዋል። ሲስቅ በእጁ ይሸፍናል። በአምስት ዓመቱ መሸፈን ለምዷል።

እንዲህ ያደረገው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደግ ሰው ነው። እናት የሌለው ልጅ ተብሎ የማያዝንለት የለም። ባለሱቁ አብዱልጀባር ራሱን ዳበስ ያደርግና ከረሜላ ይሰጠዋል። ጎረቤቶቹ ራሱን ዳበስ ያደርጉና ስኳር የበዛበት ሻይ ያጠጡታል። የአባቱ ረዳቶች ማስቲካ፣ ብስኩት። የየቲም ራስ የዳበሰ ከአላህ ዘንድ አጅር፣ ምንዳ አለው እየተባለ፣ ራሱ ሲዳበስ ሲዳበስ ጥርሱ አለቀ።

የኸድጃ ታናሽ እህት ጀነት ግን ይሄ አይገባትም። ቢገባትም መስማት አትፈልግም። ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። እህቷን ያስታመመቻት እሷ ናት። ልጁንም እኔ ላሳድገው ብላ ለምና ነበር፤ አንዋር ነው «ልጄ ከቤቴ አይወጣም» ያለው። እና በየጁምዓው እየመጣች ልጁን ከላይ እስከ ታች ትፈትሻለች። ጥፍሩን፣ ጆሮውን፣ ሸሚዙን። አንድ ጁምዓ አፉን አስከፈተችው።

«ያ ረቢ! ሳሚያ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ጥርስ ነው ከሰል?»

«ስመጣም እንዲሁ ነበር ጀኒ፣ ወላሂ...»

«ስትመጪ ሁለቱ ነበር የጠቆሩት። እኔ አላውቅም እንዴ? እዚህ ጭን ላይ ነው ያደገው!» ብላ ጭኗን በጥፊ መታችው። «ይሸታል እኮ አፉ። ስሚኝ፣ እህቴን አፈር አልብሻለሁ። ልጇ ከነነፍሱ ሲበሰብስ ደግሞ ቆሜ አላይም። ከአሁን በኋላ የምመጣው ለዐረፋ ነው። እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ጓዙን ጠቅልዬ ነው የምወስደው። አንዋር ወንድ ከሆነ ይከልክለኝ።»

ሳሚያ ይሄን ለአንዋር አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? ራሷም በእንጀራ እናት እጅ ነው ያደገችው። ራሷን ማን እንዳበጠረላት ሳይሆን ማንም እንዳላበጠረላት ነው የምታስታውሰው። አንዋርን እሺ ያለችው ቀን በሆዷ የገባችው ቃል አንድ ነው፤ ይሄ ልጅ የእንጀራ እናት እንዳለው አያውቅም። ልጁ እስካሁን «ሳሚያ» እያለ ነው የሚጠራት፣ ኡሚ ብሏት አያውቅም። ግድ የላትም። ሲተኛ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ ነው የሚተኛው፣ ያ ይበቃታል። አሁን ያን ትንሽ ጭብጥ ጀነት ልትወስድባት ነው። በጥርስ ምክንያት።

በማግስቱ አብዱልጀባር ሱቅ ሄደች።

«የልጅ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ስጠኝ።»

«ለማን? ለሙስዐብ?» ሳቀ። «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ነገ ይወልቅ የለ! ለሚወልቅ ጥርስ ብሩሽ?»

«አንተ ከረሜላህን ተውልኝ እንጂ መውለቁን አላህ ያውቃል።»

«ኧረ በአላህ ሳሚያ፣ የቲም እኮ ነው! እንዴት ፊቱን ላዙርበት?»

«እሺ፣ ራሱን ዳብሰው። ከረሜላውን ግን ለኔ ስጠኝ፣ እኔ እበላዋለሁ።»

«ላንቺማ በገንዘብ ነው» አለና ሁለቱም ሳቁ። ያን ሰሞን ሳሚያ ከሳቀችው ሳቅ ይሄ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

ብሩሹ አልሰራም። ሳሙናው የትልቅ ሰው ነው፣ ሚንት ያለው። ድዱ ደግሞ የቆሰለ ነው። ገና አፉ ውስጥ ሳታስገባው ሙስዐብ ተፍቶ፣ እጇን ነክሶ፣ «አቃጠልሽኝ! አቃጠልሽኝ!» እያለ በር ድረስ ሮጠ። አጥሩ ማዶ የጎረቤት ሴቶቹ ወሬ ቀጥ አለ። ያ ዝምታ ምን እንደሚል ሳሚያ ታውቀዋለች። የእንጀራ እናት ልጅ ስታስጮህ ጎረቤት የሚያስበው አንድ ነገር ነው።

ብሩሹን ኮርኒስ ስር ሰቅላ ገበያ ወጣች፤ አንድ እስር የወይራ መፋቂያ ገዝታ መጣች። አባቷ እንድሪስ ጨፋ ሮቢት ላይ ሲያርስም፣ ሲጠምድም፣ ለሶላት ሲነሳም መፋቂያ ከአፉ አይለይም፤ እስካሁን አጥንት በጥርሱ ይሰብራል። የእንጨቱን ጫፍ ራሷ አኝካ አኝካ እንደ ብሩሽ አለሰለሰችው። ከዚያ ሙስዐብን ጉልበቶቿ መሀል አስቀመጠችው፣ ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ። ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ከንፈሩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ከድዱ ወደ ጥርሱ።

«አባዬም ይሄንን ነው የሚይዘው» አለ፣ ደስ ብሎት።

«አዎ፣ ትልልቅ ሰው ነዋ የሚይዘው።»

ግን አሁንም አቃጠለው። የበሰበሰ ድድ ምን ቢነካው አያቃጥለውም? እንባው ሲቀርብ፣ አፉም ለጩኸት ሲከፈት ሳሚያ ደነገጠች። አጥሩ ማዶ ሴቶቹ አሉ። እና ከየት እንዳመጣችው ሳታውቀው አፏ ላይ መጣላት።

«ቆይ፣ ቆይ! የሚያቃጥልህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጥርስህ ውስጥ ትል አለ። የሚያቃጥልህ ትሉ ሲሞት ነው።»

ሙስዐብ ልቅሶውን ዋጠው። «ትል?»

«አዎ። ጥርስህን የበላው ማን መሰለህ?»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው።»

«ሲሞቱ ይጮሃሉ?»

«እነሱ ይጩሁ እንጂ አንተ አትጮህም። ጀግና ችሎ ነው የሚገድላቸው። ሲያቃጥል ነው ትሉ የሚሞተው።»

ለማታለል ብቻ ያለችው አልነበረም። ጨፋ ሮቢት ጥርሱን ያመመው ሰው ሁሉ ትል ገባው ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ግማሹን ታምንበታለች። ግማሹን ደግሞ ልጁ ዝም ስላለ ወደደችው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠ። ሙስዐብ ራሱ ነው «ነይ እንግደላቸው» እያለ የሚጎትታት። ባቃጠለው ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ «ሞተ!» ይላል። ከፈቀ በኋላ አፉን እስከ ጉሮሮው ይከፍትላታል፣ «ቀሩ እንዴ?» እሷም አንገቷን እያዘነበለች ታያለች። የጠቆረው ነጭ አልሆነም፣ አይሆንምም። ግን ድዱ መድማቱን ተወ። የታችኞቹና የጎን ጥርሶቹ ነጡ። ሽታው ጠፋ። አንድ ቀን አብዱልጀባር ከረሜላ ሲሰጠው «አይ፣ ትሎቼ ይነሳሉ» ብሎ መለሰለት ተባለ፤ ሰፈሩ ሁለት ቀን ሳቀ። ሳሚያም ዐረፋ ሲቀርብ እንደ ፈተና ቀን የሚያስጨንቃት ነገር እየቀለላት መጣ። ትምጣ ጀነት። አፉን ትክፈተው።

የዐረፋ ዋዜማ ነው። ከሚሴ ዋዜማ ላይ እንዴት እንደምትሆን ይታወቃል፤ በጉ ይጮሃል፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ ሴቱ ሁሉ ቤት ያጥባል። ሳሚያ ግቢው ውስጥ ሳፋ ሙሉ ልብስ ዘፍዝፋ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ናት። አጠገቧ ንጹህ ውሃ የሞላ ጀሪካን ቆሟል፣ ለማለቅለቂያ።

«ሳሚያ፣ ነገ ጀኒ ትመጣለች አይደል?»

«ትመጣለች።»

«ትሎቹ ሳይመጡ... እ፣ እሷ ሳትመጣ እንጨርሳቸው። ነይ።»

«እጄ ሳሙና ነው፣ አታይም? አንተ ጀምር፣ እኔ እመጣለሁ።»

«መፋቂያው አልቋል።»

«ፈልግ እስቲ፣ ቤት ውስጥ አንድ አይጠፋም» አለችው ቀና ሳትል።

አንድም አልነበረም። የመጨረሻውን ጠዋት አንዋር ይዞት ወጥቷል።

የአከራዩ አጥር ቅንጭብ ነው። እዚያ አካባቢ አጥሩ ሁሉ ቅንጭብ ነው፤ ከብት አይበላው፣ ድርቅ አያደርቀው። አረንጓዴ፣ ቅጠል የሌለው፣ ልክ እንደ መፋቂያ ጣት የሚያክል፣ ቀጥ ያለ። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያነባል። ያ ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ሁሉም ስለሚያውቀው ደግሞ ማንም ለማንም አይነግረውም። ለሙስዐብም የነገረው ሰው አልነበረም።

ሳሚያን ያነቃት ዝምታው ነው። ልጅ ዝም ሲል ጥሩ አይደለም።

«ሙስዐብ?»

ከቤቱ ጥግ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እጁ ግን ይሰራል፤ ይፍቃል። ዞር ስታደርገው ከንፈሩ አብጦ ተገልብጧል፣ ከአፉ ነጭ አረፋ ይወርዳል፣ አረንጓዴው እንጨት ከጥርሱ መሀል ነው። እንባውን በዚያው በወተት በነካካው እጁ ጠርጎታል። ሁለቱም ዓይኑ ተጨፍኗል።

«ብዙ ሞቱ» አላት። ድምፁ ታፍኗል። «ሳሚያ፣ ዛሬ ብዙ ሞቱ። አልጮህኩም።»

እንጨቱን ከእጁ ነጥቃ ወረወረችው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። እጇ በውሃ የራሰ ነው። ጀሪካኑ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ግን ለቅንጭብ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ከተወለደች ጀምሮ ታውቃለች፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት ያውቁታል። የጡት ወተት ነው። ቅንጭብ ዓይን ውስጥ ሲገባ የምታጠባ እናት ታልብበታለች። ሳሚያ ደግሞ ወልዳ አታውቅም። ጡቷ ባዶ ነው።

ልጁን አቅፋ በር ለበር ሮጠች። ጀሪካኑን በእግሯ መትታ ነው ያለፈችው፤ ውሃው ከኋላዋ ሲፈስ ሰምታዋለች።

«ረቢአ! ረቢአ፣ ድረሽልኝ! ቅንጭብ ነው፣ ወተት!»

ጎረቤቷ ረቢአ በሩ ላይ እጇን አማታች። «ኧረ ጉዴ፣ እኔ እኮ ጡት አስጥያለሁ! ወተቱ ከጠፋ ቆየ። ማንአልሞሽ ጋ ሂጂ፣ ማንአልሞሽ አራስ ናት!»

የማንአልሞሽ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ሳሚያ ባጃጅ ፊት እየተሻገረች ስትሮጥ ልጁ ክንዷ ላይ እንደ ዓሣ ይገላበጣል፤ አሁን እየጮኸ ነው፣ ጀግንነቱ አልቋል። ሴቶች ከየበሩ ወጡ። «ማል ተኤ? ማል ተኤ? ምን ሆነ?» «ቅንጭብ!» «ዋዮ!»

ማንአልሞሽ ሕፃኗን ከጡቷ ነጥላ ፍራሽ ላይ ጣለችው። «አምጪው፣ አምጪው የኔ እናት። ያዙልኝ ጭንቅላቱን።» ዓይኑን በጣቷ ፈልቅቃ አለበችበት። ግራውን፣ ቀኙን። የራሷ ልጅ ፍራሹ ላይ ይጮሃል፣ ሙስዐብ ጭኗ ላይ ይጮሃል።

«ጨምሪበት፣ ጨምሪበት» ይላሉ ሴቶቹ።

«ጡቴን ከነሥሩ ልንቀልለት እንዴ? ያለው ይሄው ነው» አለች ማንአልሞሽ፣ እንባዋ እየወረደ።

አፉን በእርጎ አጠቡት። ዓይኑን በአንዲት ሴትዮ ሻሽ አሰሩት። ልጁ ዝም ሲል ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ማንአልሞሽም «ተመስገን» አለች። ማንም አልዋሸም። ማንም አላመነታም። ሴቶቹ የሚያውቁትን በሙሉ አደረጉ። እና የልጁ ዓይን በዚያ ሻሽ ስር ዋለ።

አንዋር ሲመጣ ሳሚያ ነገረችው፤ «ቅንጭብ ነካ። ወተት ተደርጎለታል።» አንዋር ልጁን አየ፣ እሷን አየ። «አብሽሪ፣ ነገ ይሻለዋል» አላት። ደክሞታል። ነገ ደግሞ ዐረፋ ነው።

በነጋታው አልተሻለውም። ሻሹን ሲፈቱት ከዓይኑ መግል ወረደ። ግራው እንደ እንቁላል አብጧል። አንዋር የዒድ ሶላቱን ትቶ ልጁን ጤና ጣቢያ አደረሰው። ተረኛው ነርስ ጌዲዮን የሚባል ወጣት ነው፣ በር ላይ ሆኖ ገና ሲያያቸው ጓንቱን አጠለቀ።

«መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ትናንት? በውሃ አጥባችሁታል?»

አንዋር ወደ ሳሚያ ዞረ።

«የጡት ወተት አድርገንለታል» አለች።

ጌዲዮን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ወተቱን ሁሉም ሰው ያደርገዋል» አለ ቀስ ብሎ፣ የጨው ውሃውን እያዘጋጀ። «እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ግን የመጀመሪያው ውሃ ነበር እህቴ። ወዲያው፣ ብዙ ውሃ፣ ሳይቋረጥ። ወተት ዓይን ውስጥ ሲያድር ጀርም ያራባል። ደሴ ውሰዱት፣ አሁኑኑ።»

ሳሚያ እጇን አየች። ጣቷ ከትናንቱ እጥበት አሁንም እንደተጨማደደ ነው፣ ወይም መሰላት። ውሃ እጄ ላይ ነበር እኮ አለች በልቧ። ውሃ እጄ ላይ ነበር።

ዐረፋን ደሴ ሆስፒታል ዋሉ። ከመስጊዱ ተክቢራው በመስኮት ይገባል። ከዚያም በኋላ እዚያው ሰነበቱ፤ ጠብታ በየሰዓቱ፣ መርፌ፣ ቅባት። አንዋር ሚኒባሱን ለረዳቱ ሰጥቶ ኮሪደር ላይ ተኛ። ሳሚያ አልጋው ጫፍ ላይ። ሙስዐብ ከንፈሩ ቢድንም አፉን ለማንም አይከፍትም። ማንኪያ ሲቀርብለት ጥርሱን ይገጥማል። ለሳሚያ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ለሷም እጇን በእጁ ዳብሶ፣ ምን እንደያዘች ካረጋገጠ በኋላ።

ጀነት የመጣችው ሐኪሟ ፋሻውን የምትፈታ ዕለት ነው። በፌስታል ለዐረፋ የገዛችለትን አዲስ ልብስ ይዛለች። ሰላም አላለችም። አልጋው ግርጌ ቆመች።

ሐኪሟ እየሩሳሌም ቀኙን ፈታች። «ይሄ ስንት ነው፣ ጎበዝ?»

«ሁለት ጣት።»

«ይሄስ?» ቀኙን በመዳፏ ሸፍና ግራውን ፈታች። ዓይኑ መሀል ላይ ነጭ ነገር ተጋርዷል፣ ወተት የፈሰሰበት ይመስል። «ይሄስ ስንት ነው?»

«መብራቱን አጠፋሽው?» አለ ሙስዐብ።

አንዋር ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ሲመታ ተሰማ።

ሐኪሟ ቀኙ እንደዳነ፣ ግራው ላይ ጠባሳ እንደቀረ አስረዳች። ከቅንጭቡ ይልቅ የባሰው ኋላ የገባው ኢንፌክሽን ነው አለች። ከዚያ ልጁን ልታጫውተው ብላ ሲናገር ያየቻቸውን የታች ጥርሶቹን አነሳችና «ይሄ ጥርስ ግን እንዴት ነው የጸዳው! ማን ነው የሚፍቅህ?» አለችው።

ሙስዐብ ከንፈሩን ገጠመ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጀነት አልጋው ላይ ተቀመጠች። ልጁን አቀፈች፣ ዓይኑን ሳይሆን ግንባሩን ሳመች። «የኔ ጌታ፣ የእህቴ ልጅ። ንገረኝ እስቲ። ማን ነው ያንን እንጨት የሰጠህ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ሲያቃጥልህ ለምን አልጣልከውም? እሳት እኮ ነው፣ ትልቅ ሰው አይችለውም። ለምን ዝም አልክ?»

«ትሎቹን ልገድል።»

«የምን ትል? ማን ነው ትል ያለህ?»

ልጁ በዳነው ዓይኑ ሳሚያን ፈለጋት። አገኛት። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ማንም» አለ።

ጀነት ወደ አንዋር ዞረች፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንዋር ምንም አያውቅም። ሙስዐብ ካልተናገረ ማንም አያውቅም። ልጅ ነው፣ ተጫውቶ ነው፣ ቅንጭብ ቆርጦ ነው፤ ይባልና ያልፋል። ልጁም ቤቱ ይመለሳል። ለሳሚያ ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ታያት። የአምስት ዓመት ልጅ እሷን ሊያተርፍ እንደሚዋሽም አየች። ሲያቃጥለው ዝም ማለትን ያስተማረችው እሷ ናት። አሁንም እያቃጠለው ዝም ብሏል።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች።

«ምን?»

«እንዳይጮህብኝ ብዬ። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ። ሲያቃጥል ትሉ እየሞተ ነው አልኩት። ስለዚህ ነው ያልጣለው። ፈልግና ጀምር ያልኩትም እኔ ነኝ። ውሃ እያለ ወተት ፍለጋ የሮጥኩትም እኔ ነኝ።»

ጀነት ትጮሃለች ብላ ጠብቃ ነበር። ጀነት አልጮኸችም። የአዲሱን ልብስ ፌስታል ጨበጠች፣ ለቀቀች። «ያ ዓይን የኸድጃ ነበር» አለች ብቻ።

ከሚሴ ሲደርሱ አንዋር ከረዳቱ የተረከበውን ሚኒባስ ሞተር አጥፍቶ መሪው ላይ ተደፋ። ቀና ሳይል ነው የተናገረው። «ሳሚያ፣ ለጊዜው ጀነት ጋ ይሁን።» ለጊዜው ምን ያህል እንደሆነ አልነገራትም። አልጠየቀችውምም።

ልብሱን አጣጠፈችለት። ጀነት ባጃጅ ይዛ መጣች፤ ወርዳ በሩ ላይ ቆመች፣ ቤት አልገባችም። ሳሚያ ጓዙን ካስረከበቻት በኋላ ኮርኒስ ስር የሰቀለችውን ብሩሽ አውርዳ ይዛላት ወጣች።

«እኛም ቤት ብሩሽ አለ» አለች ጀነት።

«ይሄ የልጅ ነው፣ ለስላሳ ነው። ሳሙናውን ትንሽ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። የሚያቃጥለውን አይደለም፣ የልጆች አለ፣ ደሴ አይጠፋም። ከፊቱ አትቁሚበት፣ ይፈራል። ከኋላው ተቀመጪና ጭንቅላቱን ደረትሽ ላይ አስደግፊው። በግራ በኩል ስትመጪ ቀድመሽ ተናገሪ፣ አያይሽም፣ ይደነግጣል።» ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። «የኋላዎቹን አትርሺ። የኋላዎቹን ማንም አያያቸውም። ማታ ከፈቀ በኋላ ሻይ የለም፣ ቢያለቅስም የለም። ብሩሹን ብቻውን አትስጪው። ራሴ ነኝ ቢልሽም አትስጪው።»

ጀነት ብሩሹን ተቀበለች። አገላብጣ አየችው። ልትናገር ፈልጋ ምላሷ ላይ የመጣውን መለሰችው። ከዚያ፣ የሳሚያን ፊት ሳታይ፣ «ሲነካው ያቃጥለዋል እንዴ?» አለች።

«አሁን አያቃጥለውም። ካቃጠለው ግን አቁሚ ጀኒ። አቃጠለኝ ካለሽ እመኚው።»

ሙስዐብ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጧል፣ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ። ሳሚያ ጎንበስ ብላ በሩን ያዘች። ልጁ ዳብሶ እጇን አገኘ። ከዚያ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተላት።

«ቀሩ እንዴ?»

ለማየት አንገቷን አዘነበለች። የጠቆሩት እንደጠቆሩ ናቸው። ሌሎቹ ነጭ ናቸው።

«ትል አልነበረም ሙስዬ» አለችው። «እኔ ነኝ የዋሸሁህ። ምንም ትል አልነበረም።»

አፉን ቀስ ብሎ ገጠመው። ሲያስብ ግንባሩ ይኮማተራል። «ታዲያ ምንድን ነው የሞተው?» አለ።

መልስ ሳትሰጠው ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ጀነት ከጎኑ ገባች። ባጃጁ አቧራውን እያስነሳ ሲዞር ሙስዐብ እጁን አወጣና እየተሰናበተ አውለበለበ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቅንጭቡ አጥር፣ ማንም ወደሌለበት። ሳሚያ የቆመችው በግራ በኩል ነበር።